አሻንጉሊት ለማንሳት ምን ሌንስ ልግዛ? ጥያቄና መልስ ከእትዬ ሌንስ ጋር

እትዬ ሌንስ፦ እሺ ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ቃል ገብቼ ነበር፤ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው፤ አሻንጉሊት ለማንሳት የሚሆን ሌንስ። ሰርግ፣ ምርቃትና ድሮን ሌላ ቀን። ለማታውቁኝ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የሐበሻ ልብስ ያለበሷቸውን አሻንጉሊቶች ለሚሸጡ ሴቶች ፎቶ አነሳለሁ። የራሴም አርባ ምናምን አሻንጉሊት ቤቴ አለ። የሚስቅ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። የካሜራችሁን ስም፣ ያላችሁን ሌንስ፣ የአሻንጉሊቱን ቁመት በሴንቲሜትር። ሳይጽፍ የጠየቀ ሰው "አልመለሰችልኝም" ብሎ እንዳያኮርፍ።

ቤቲ ጥልፍ፦ እትዬ እንዴት ዋሉ? ካኖን 600ዲ አለኝ፣ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ነው። አሻንጉሊቶቼ የባርቢ መጠን ናቸው፣ 29 ሴንቲ። ቀሚሳቸውን ራሴ እሰፋለሁ፣ የማነሳቸው ለሽያጭ ነው። 50 ሚሊ 1.8 ልግዛ ወይስ 85? ሁሉም ሰው ለፊት 85 ነው ይለኛል።

እትዬ ሌንስ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ለአዲሶቹ፦ ሚሊው ሲበዛ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፤ 1.8 የሚባለው ደግሞ የብርሃን ቀዳዳው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።

"ለፊት 85" የሚባለው ለሰው ፊት ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ራስሽ ትፈርጃለሽ። ፊትን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም የሌንሱ ቁጥር አይደለም። የቆምሽበት ርቀት ነው። ሰውን አፍንጫው ሥር ገብተሽ ብታነሺው አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ሦስት ሜትር ያህል ብትርቂ ፊቱ ቦታ ቦታውን ይይዛል። 85 የሚወደደው ወደ ኋላ እንድትሄጂ ስለሚያስገድድሽ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ባርቢ ደግሞ የሰው አንድ ስድስተኛ ናት። ስለዚህ ርቀቱንም ለስድስት አካፍዪው። ሦስት ሜትሩ 50 ሴንቲ ይሆናል። ከ50 ሴንቲ ያነሳሻት ባርቢ፣ ከሦስት ሜትር እንደተነሳች ሴት ሆና ትወጣለች። ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሁን ችግሩ። እያንዳንዱ ሌንስ "ከዚህ በላይ አልቀርብም" የሚልበት ርቀት አለው። የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ሰሌዳ፣ ከሴንሰሩ ነው። ካሜራሽ አናት ላይ መስመር ያቋረጣት ትንሽ ክብ አለች፣ ልኩ ከእሷ ይጀምራል። የካኖን 85 ሚሊ 1.8 ከ85 ሴንቲ በታች አይቀርብም። በዚያ ርቀት ፎቶሽ በረጅሙ ጎኑ 17 ሴንቲ ያህል ይይዛል። የባርቢ ጭንቅላት ደግሞ አምስት ሴንቲ እንኳ አይሞላም። ሜዳ መሃል ትጠፋልሻለች። አዲሱ 50 ሚሊ 1.8፣ ኤስቲኤም የሚል የተጻፈበት፣ እስከ 35 ሴንቲ ይገባል። ፎቶው አሥር ሴንቲ ተኩል ገደማ ይይዛል። የድሮው ፕላስቲኩ፣ ቁጥር ሁለት የሚባለው፣ 45 ሴንቲ ላይ ይቆማል፤ 15 ሴንቲ ይይዛል። ሁለቱም 50 ሚሊ ናቸው፣ ሁለቱም 1.8። ለአንቺ ሥራ ግን ለየቅል ናቸው።

አሁን እጅሽ ላይ ያለው ኪት ሌንስስ? እስከ 25 ሴንቲ ይገባል። 55 ላይ አድርገሽ ብትቀርቢ የሚይዘው ስድስት ሴንቲ ተኩል ብቻ ነው። ፊቷ ፎቶውን ይሞላዋል ማለት ነው። የናቅሽው ሌንስ በዚህ ሁለቱንም ያስከነዳል። ስለዚህ ምን ልግዛ ላልሽው፣ ለጊዜው ምንም። 55 ላይ አድርጊ፣ አፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳው) ኤፍ 8፣ ትራይፖድ፣ የመስኮት ብርሃን። ሞክሪና ተመለሺ።

ሌሎቻችሁም ስሙ፦ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ድረስ እንደሚቀርብ እዩ። ዛሬ ይህን ስደጋግመው ልትሰለቹ ነው።

ዳኒ 77፦ ለአሻንጉሊት ምርጡ ሌንስ የቱ ነው?

እትዬ ሌንስ፦ በየትኛው ካሜራ? ስንት ሴንቲ ለሆነች? ከላይ የጻፍኩት ለጌጥ አይደለም።

ዳኒ 77፦ ካሜራ ገና አልገዛሁም። እንዲያው በአጠቃላይ።

እትዬ ሌንስ፦ በአጠቃላይ የሚገዛ ሌንስ የለም።

የቦሌ ኒኮን፦ እትዬ፣ ኒኮን ዲ3200 ነው ያለኝ። 50 ሚሊ 1.8ዲ በሁለተኛ እጅ ገዛሁና አውቶ ፎከሱ እምቢ አለ። ተበላሁ እንዴ? አሻንጉሊቷ 30 ሴንቲ ናት።

እትዬ ሌንስ፦ አልተበላህም፣ ሳትጠይቅ ገዛህ እንጂ። ያ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም። ሞተሩ ካሜራው ውስጥ መሆን አለበት፣ የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ ደግሞ የላቸውም። ሞተር ያለው ኤኤፍ-ኤስ የሚለው ነው። ግን ምን ቸገረህ? አሻንጉሊት አትሮጥ፣ ዓይኗን አትጨፍን። የአፐርቸሩን ቀለበት 22 ላይ ቆልፍ፣ አለዚያ ካሜራው ስህተት አለ ብሎ አይሠራልህም። ከዚያ ላይቭ ቪው (በስክሪኑ ማያውን) ክፈትና ዓይኗን በማጉያው አጉላው። ቀለበቱን በእጅህ እያዞርክ የሽፋሽፍቷ ጫፍ ሲጠራ አቁም። እኔ ለአሻንጉሊት አውቶ ፎከስ ከተጠቀምኩ ስንት ዘመኔ።

ሳሚ ሪልስ፦ በስልክ የሚሆን ነገር አለ?

እትዬ ሌንስ፦ አለ፤ አትጠጋ። የስልኩ ዋና ካሜራ ሰፊ ስለሆነ ፊቷን ለመሙላት ዓይኗ ውስጥ ትገባለህ፣ ከዚያ አፍንጫዋ ድንች ይሆናል። ወደ ኋላ በልና ሁለት እጥፍ ዙም አድርግ። ጀርባውን በራሱ የሚያደበዝዘውንም አጥፋው፣ ፀጉሯን ይቆርጠዋል። ስለ ስልክ ይህን ብቻ ነው የምለው።

ሊያ ሚኒ፦ እኔ ጋ 50 ሚሊ 1.8 አለ፣ አዲሱ፣ ካኖን 700ዲ ላይ። አሻንጉሊት 28 ሴንቲ። 1.8 ላይ ሳነሳት አንድ ዓይኗ ብቻ ይጠራል፣ ሌላው ብዥ ይላል። ሌንሱ ታሞ ይሆን?

እትዬ ሌንስ፦ ሌንሱ ጤነኛ ነው። ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር፣ ምክንያቱም ግማሻችሁ 1.8 የገዛችሁት 1.8 ላይ ለማንሳት ነው።

ቁጥሩን ልስጥሽ። ከ50 ሴንቲ፣ በ50 ሚሊ፣ ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስድስት ሚሊሜትር ያህል ነው። ስድስት! የጤፍ እንጀራ ውፍረት በይው። የአሻንጉሊትሽ ፊት ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ሁለት ሴንቲ ገደማ ነው። ትንሽ ዞር ካለች አንዱ ዓይን ከስድስቱ ሚሊ ውጭ ይቀራል። ኤፍ 8 ላይ ግን ሁለት ሴንቲ ከሰባት ሚሊ አካባቢ ይደርሳል። አፍንጫ፣ ሁለቱም ዓይን፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ሁሉም ገባ።

"ጀርባው እንዲደበዝዝ እፈልጋለሁ" ትይኛለሽ። ከዚህ ያህል ቅርበት ሲነሳ ጀርባው ኤፍ 8 ላይም ይደበዝዛል። መጋረጃውን አንድ ሜትር አርቂው፣ በቃ። ሰው ላይ የለመዳችሁትን ልማድ እዚህ አታምጡ። ሰው ስታነሱ ጀርባውን ለማደብዘዝ ትታገላላችሁ፣ አሻንጉሊት ላይ ትግሉ ፊቷን ለማጥራት ነው።

ከኤፍ 11 ግን አትለፊ። 16 እና 22 ላይ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና ፎቶው በሙሉ ይለዝባል፣ የጥልፉ ክር አይለይም። ኤፍ 8 ላይ ብርሃን ስለሚያንስ ሹተሩ ሩብ ሴኮንድ ሊሆን ይችላል። ይሁን። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሱነት) 100፣ ትራይፖድ፣ የሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ። ትንፋሽ የላትም።

ፉል ፍሬም ብቻ፦ ይቅርታ እትዬ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ ክሮፕ ካሜራ ይዞ ስለ ጥራት ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ሴንሰሩ ትልቅ የሆነውን ፉል ፍሬም ይግዙ፣ ነገሩ ያልቃል።

የቦሌ ኒኮን፦ አንተ ትገዛልናለህ?

ፉል ፍሬም ብቻ፦ ሐቅ ነው የተናገርኩት። ባለሙያ በክሮፕ አይሠራም።

ሊያ ሚኒ፦ እኔ በክሮፕ አንስቼ 60 አሻንጉሊት ሸጫለሁ። አንተ ስንት ሸጥክ?

የቦሌ ኒኮን፦ እሱ የሚያነሳው የካሜራውን ሳጥን ነው 😄

እትዬ ሌንስ፦ ተው! ፉል ፍሬም ብቻ፣ ስማኝ። በአንድ ርቀት፣ በአንድ ኤፍ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ፎቶ ብናነሳ፣ ያንተ ካሜራ ላይ የሚጠራው ቦታ ከሊያ ይሳሳል። እሷ ኤፍ 8 ላይ የምታገኘውን ለማግኘት አንተ ከ11 ማለፍ አለብህ። ለዚህ ሥራ ክሮፑ አያሳፍርም። ሌላ ጥያቄ።

ተመልካች፦ ቆይ፣ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ አይደል? በአሻንጉሊት እየተጫወታችሁ ነው?

እናት ከቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ እኔ አሜሪካ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለሁ። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯ ሹሩባ የተሠራ፣ መልኳ እነሱን የሚመስል አሻንጉሊት ሱቅ ፈልጌ ስላጣሁ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። አሁን የጎረቤት ልጆችም ያዙኛል። ጨዋታ ከሆነም ደስ የሚል ጨዋታ ነው።

ተመልካች፦ ይቅርታ እህቴ፣ ለቀልድ ነው። ለእህቴ ልጅ አንድ ታዥልኛለሽ?

እትዬ ሌንስ፦ ንግዱን በውስጥ መስመር።

እናት ከቨርጂኒያ፦ እትዬ፣ ካነሱት አይቀር የእኔም ጥያቄ አለ። ኒኮን ዲ5600 ነው፣ ሌንሱ 18-55፣ አሻንጉሊት 35 ሴንቲ፣ የጨርቅ። ቆዳቸው ጠይም፣ ቀሚሳቸው ነጭ። ቀሚሱ ግራጫ ይሆንብኛል። እሱን ሳስተካክል ፊቷ ይጠቁራል። የተሻለ ሌንስ ያስፈልገኝ ይሆን?

እትዬ ሌንስ፦ ሌንስሽን አትንኪው፣ ይህ የብርሃን ነገር ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልማል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ ፕላስ አንድ ውሰጂው፣ ቀሚሱ ይነጣል። የጥለቱ ቀለምና የነጩ ሽመና እንዳይጠፋ ግን እያየሽ። ፊቷን በካሜራ ሳይሆን በካርቶን አብሪው። አንድ ነጭ ካርቶን ከመስኮቱ በተቃራኒ፣ ከፊቷ አጠገብ፣ ከፎቶው ጠርዝ ወጣ አድርገሽ አቁሚ። ብርሃኑ ተመልሶ ጉንጯ ላይ ያርፋል። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ መስኮቱ ላይ ነጠላ ስቀይ። ነጠላ ለብርሃን ማለስለሻ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ፣ የባለሙያ ማለስለሻ ገዝቼ ወደ ነጠላዬ ተመልሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁላችሁም ላይ ስለማየው ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጉት! ቆማችሁ ቁልቁል ስታነሷት አሻንጉሊት ትመስላለች። በዓይኗ ልክ ስትወርዱ ሰው ትሆናለች። ትራይፖዱ ያን ያህል አይወርድም ካላችሁ፣ አንድ ኪሎ ምስር በላስቲክ ቋጥሩና ካሜራውን እላዩ ላይ አስቀምጡት። ጎድጎድ ብሎ ይይዝላችኋል። ምስሩን በኋላ መቀቀል ይቻላል።

ዱባይ ሰማይ፦ ሶኒ ኤ7 ቁጥር 3፣ 85 ሚሊ 1.8፣ አሻንጉሊቴ 60 ሴንቲ፣ መገጣጠሚያዋ ኳስ የሆነ የጃፓን ሥራ። ከላይ 85 አይሆንም ስላሉ ልሸጠው አሰብኩ።

እትዬ ሌንስ፦ እንዳትሸጠው! ለዚህ እኮ ነው ቁመት ጻፉ የምለው። 60 ሴንቲ ከሆነች የሰው አንድ ሦስተኛ አካባቢ ናት። ሦስቱን ሜትር ለሦስት አካፍል፣ አንድ ሜትር። ያንተ 85 እስከ 80 ሴንቲ ይቀርባል፣ ፉል ፍሬም ላይ 28 ሴንቲ ያህል ይይዛል። ጭንቅላትና ትከሻ ልክክ ይላል። 85 ለቤቲ የማይሆነው በባርቢ ቁመት ምክንያት ነው። ያንተ ግን ትልቅ ሴት ናት። ዓይኗን ብቻ በቅርብ ከፈለግክ ያኔ ማክሮ፣ በጣም ቀርቦ የሚያነሳ ሌንስ፣ ታስባለህ።

ፉል ፍሬም ብቻ፦ ፉል ፍሬም መሆኑን ልብ በሉ።

እትዬ ሌንስ፦ ልብ ብለናል።

የዘኒት ልጅ፦ እትዬ፣ አባቴ ሶቭየት ተምረው ሲመለሱ ያመጡት ዘኒት ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ካሜራዬ ኒኮን ዲ3300 ነው፣ አሻንጉሊት 29 ሴንቲ። ሌንሱን መጠቀም ይቻላል ወይስ ለጌጥ ይቀመጥ?

እትዬ ሌንስ፦ ለጌጥ? ና እስቲ ቁጭ በል።

ያ ሌንስ 58 ሚሊ ኤፍ 2 ነው። ንድፉ ከጀርመኑ ካርል ዛይስ ባዮታር የተወሰደ ነው። ዘኒት-ኢ የሚባለው ካሜራ ከ1965 ጀምሮ ከሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ይሠራ ነበር፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ስለዚህ እዚህም በየቁም ሣጥኑ ቢገኝ አይገርምም። በዚያ ዘመን ለትምህርት የሄደ ሰው ሲመለስ አንገቱ ላይ አንድ ዘኒት ነበረው። እኔም ፎቶ የተማርኩት በእሱ ነው፤ ክብደቱ ዱላ አያስፈልገኝም ያሰኛል።

መግጠሚያው ኤም42 የሚባል ጥርስ ያለው ብሎን ነው። ወደ ካኖን የሚቀይር ስስ ቀለበት አለ፣ ያለ ችግር ይሠራል። ኒኮን ላይ ግን "አይሆንም፣ ሩቁን አያጠራም፣ መስታወት ያለው አዳፕተር ግዛ" ይሉሃል። መስታወት ያለውን እንዳትገዛ! ርካሹ መስታወት ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል። መስታወት የሌለውን ቀለበት ግዛ። እውነት ነው፣ ተራራ አታነሳበትም። ግን አንተ የምታነሳው ጠረጴዛ ላይ ያለች አሻንጉሊት ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ ትንሽ ስለሚርቅ፣ እንዲያውም ከተፈቀደለት ከግማሽ ሜትር በታች ይቀርብልሃል። ለሌላው ሰው ጉድለት የሆነው ለአንተ ስጦታ ነው።

ብርሃን መለኪያው አይሠራም፣ ያ ካሜራ ቺፕ የሌለውን ሌንስ አያውቀውም። ሙሉ በሙሉ በእጅ አስተካክል። አንድ አንሳ፣ እይ፣ ጨምር፣ ቀንስ። የአፐርቸሩ ቀለበቶች ሁለት ናቸው። በአንዱ ቁጥሩን ትመርጣለህ፣ ሌላው ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ከፍተህ ፎከስ አድርግ፣ ዘግተህ አንሳ። ጀርባ ላይ ቅጠልና ብርሃን ካለ፣ ኤፍ 2 ላይ እንደ ሽክርክሪት ይዞርልሃል። ይህን አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ከዚያ ወደ ኤፍ 8 ተመለስ።

ከመግጠምህ በፊት የስልክህን መብራት ከኋላው አብርተህ ውስጡን እይ። አቧራ ምንም አይደል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ከሌሎች ሌንሶችህ ጋር አታስቀምጠው።

የዘኒት ልጅ፦ እትዬ አባቴ ይህን ሲያነቡ እንባ ሊመጣቸው ነው።

የቦሌ ኒኮን፦ የአጎቴም ዘኒት ነበር፣ እኛ ቤት ለበር መደገፊያ።

እትዬ ሌንስ፦ አንተን ማናገር ትቻለሁ።

ሄኖክ ፎቶ፦ ለፊት 85 ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ለአሻንጉሊትስ?

እትዬ ሌንስ፦ ሄኖክ፣ ወደ ላይ ሂድ። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ቁመትህንም አልጻፍክም። የአሻንጉሊቷን ማለቴ ነው።

ከሃይፋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ከጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበረች ሸክላ ሠሪ ናት። ከእጇ የወጡ ትንንሽ የሸክላ ሰዎች አሉን፤ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ቄስ፣ አንበሳ። ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ናቸው፣ ጥቁር። ለቤተሰብ መዝገብ ላነሳቸው እፈልጋለሁ። ካኖን 80ዲ፣ 50 ሚሊ ኤስቲኤም።

ፉል ፍሬም ብቻ፦ ያ አሻንጉሊት አይደለም፣ የሸክላ ቅርጽ ነው። ርዕሱ አሻንጉሊት ነው።

እናት ከቨርጂኒያ፦ እኛ ልጅ ሆነን በጭቃ ሰው ሠርተን ስንጫወት አሻንጉሊት አልነበረም?

ከሃይፋ፦ አያቴ ለሽያጭ ነበር የምትሠራው፣ ለገበያ። እኛ ግን እንጫወትባቸው ነበር። አንዱ አንበሳ ጭራ የሌለው በእኔ ጥፋት ነው።

ፉል ፍሬም ብቻ፦ ለማንኛውም ትርጉሙ…

እትዬ ሌንስ፦ ትርጉሙን ለመዝገበ ቃላት ተውለት። ከሃይፋ፣ እነዚህን በደንብ እናንሳቸው። የወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሥራ የሠሪዋ ጣት አሻራ እላዩ ላይ የሚቀርበት ነው። እሱ ነው መታየት ያለበት።

ለሙሉ ቁመታቸው የያዝከው 50 ይበቃል። አሥር ሴንቲ ተኩል ድረስ ይይዛል ብያለሁ፣ የ12 ሴንቲዋን ትንሽ ራቅ ብለህ። ለፊታቸውና ለእጃቸው ግን መቅረብ አለብህ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሌንሱና ካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው፣ ኤክስቴንሽን ቱዩብ። 12 ሚሊውን 50 ላይ ብታስገባ ፎቶው የሚይዘው ከአሥር ሴንቲ ተኩል ወደ አምስት ሴንቲ ገደማ ይጠባል። በብረት መነካኪያ የሌለው ርካሹን ግን አትግዛ፣ ካኖን ላይ አፐርቸሩን ማዘዝ አትችልም። ኤፍ 1.8 ላይ ተቆልፈህ ትቀራለህ፣ ስድስቷን ሚሊ እንኳ አታገኝም።

ሁለተኛው እውነተኛ ማክሮ ነው። የካኖን 60 ሚሊና 100 ሚሊ ሁለቱም እቃውን በትክክለኛ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፉታል። ልዩነታቸው ከሌንሱ አፍ እስከ እቃው የሚተርፈው ቦታ ነው። 60ው በጣም ሲቀርብ ዘጠኝ ሴንቲ ይተርፋል፣ 100ው 15 ገደማ። ጠባብ ከሆነ ሌንሱ ራሱ ጥላ ይጥላል። ለትንንሽ ሸክላ 100 እመርጣለሁ።

ጥቁር ሸክላ ላይ የካሜራው ሞኝነት ይገለበጣል። ጨለማ ሲበዛበት ያበራል፣ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ማካካሻውን ማይነስ አንድ አድርገው። ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፣ ገጹን እየዳበሰ። ያኔ የጣቷ አሻራ ጥላ ይኖረዋል። ጭራ የሌለውንም አንበሳ አንሳው።

ከሃይፋ፦ አመሰግናለሁ እትዬ። አያቴ "ለምንድን ነው የአሮጌ ጭቃ ፎቶ?" ትለኛለች።

ሊያ ሚኒ፦ እኔም ማክሮ 100 ልገዛ ነበር፣ 700ዲ ላይ። ለፊትም ለሙሉ ቁመትም አንድ ሌንስ ይበቃኛል?

እትዬ ሌንስ፦ ሳሎንሽን ለኪ። የ28 ሴንቲ አሻንጉሊት ሙሉ ቁመቷ ትንሽ አየር ተጨምሮ እንዲገባ በ100 ሚሊ አንድ ሜትር ከሰባ ያህል መራቅ አለብሽ። በ60 አንድ ሜትር ይበቃል። ጠባብ ክፍል ከሆነ 60። 60 ሴንቲ አሻንጉሊት ያለው ሰው በ100 ክሮፕ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ ግድግዳው ያቆመዋል። እና ኒኮን የያዛችሁ፣ ማክሮ የሚል ሌንስ ፈልጋችሁ አጣን እንዳትሉ። ኒኮን ራሱ ማይክሮ ብሎ ነው የሚጽፈው።

ሊያ ሚኒ፦ ዋጋው ስንት ደረሰ?

እትዬ ሌንስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ተቀይሮ ትወቅሱኛላችሁ።

ሳሚ ሪልስ፦ ፍላሽስ እንዴት ነው?

እትዬ ሌንስ፦ ጉንጫቸው እንደ ቅባት ያበራል። አልወደውም።

ሳሚ ሪልስ፦ ኤዲቲንግ በምን ይሠሩታል?

እትዬ ሌንስ፦ ሌላ ሰው ይመልስ።

ሄኖክ ፎቶ፦ አነበብኩ እትዬ፣ ይቅርታ። ቁመቷ 29 ሴንቲ ነው። 85 አልገዛም።

እትዬ ሌንስ፦ ጎበዝ። ምን ድረስ እንደሚቀርብ ማየት ነው፣ ቁጥሩ ሳያታልልህ።

ቤቲ ጥልፍ፦ እትዬ ሞከርኩት! 55 ላይ፣ ኤፍ 8፣ መስኮቱ ላይ ነጠላ፣ ካሜራው ምስር ላይ። ፎቶውን ይኸው ለጠፍኩት። ሁለቱም ዓይን ጠርቷል፣ የጥልፉ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሌንስ ልገዛ ያስቀመጥኩት ብር ተረፈ።

ሊያ ሚኒ፦ ዋው፣ ይህ በኪት ሌንስ ነው?

ፉል ፍሬም ብቻ፦ እውነት ለመናገር አሪፍ ነው።

እትዬ ሌንስ፦ አሪፍ ነው ቤቲ። አሁን አጉልተሽ የግራ እጇን እይ። አውራ ጣቷ ላይ የመርፌ ክር ተንጠልጥሏል፣ አንገቷ ሥር ደግሞ የሰው ፀጉር አለ፣ ያንቺ ይመስለኛል። እንዲህ ሲጠራ ሁሉም ነገር ይታያል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊያትና ብርሃኑ ሳይሄድ ድገሚው።